ከሌላ አካል የወጣ ሞተር፦ ከአፉላ ባቡር ጣቢያ እስከ አስመራና ድሬዳዋ

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በአፉላ የሚኖሩ ወጣቶቻችን አንድ ጉዳይ ደጋግመው ያነሡልናል። ይኸውም አንድ አሮጌ መኪና ገዝተው፣ የራሱን ሞተር ነቅለው፣ ከሌላ መኪና የወጣ ብርቱ ሞተር ገጥመውበት፣ ለውድድር ሜዳ ብቻ የሚሆን መኪና ለመሥራት ያላቸው ሐሳብ ነው። እንዲህ ያለው መኪና በከተማ መንገድ አይሄድም፣ ሰሌዳ የለውም፣ ተስትም አያልፍም። የተሠራለት አንድ መንገድ ብቻ ነው። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው «ገንዘቡ ለምን ለትምህርት አይውልም?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ለመንገድ የማይሆን መኪና ምኑ መኪና ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ እያንዳንዱ ቤተሰብ በቤቱ ይመልሰው። ሁለተኛው ግን የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ በዚህ ገጽ ልናነሣው ወደድን።

አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ተሽከርካሪ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። አፉላ ከተማ ከመሆኗ በፊት የባቡር ጣቢያ ነበረች። ሞተርን ከአንድ አካል ነቅሎ ለሌላ አካል መግጠምም የዛሬ ልጆች ያመጡት ነገር አይደለም፤ በሐዲድ ላይ ረጅም ታሪክ አለው፣ የታሪኩም አንዱ ክፍል የተጻፈው እኛ በመጣንበት አገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። እዚህ «ራኬቬት» የምንለውን እኛ «ባቡር» ስንለው ኖረናል። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ እንደ ደረሰ ይነገራል። ከዚህም የተነሣ በአማርኛ ባቡር ማለት በሐዲድ የሚሄደው ብቻ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው የእንፋሎት መኪና ሐዲድ የሚባል ነገር ባያውቅም ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። በጎንደር ገጠር ላደግን ደግሞ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። ሐዲድ ወደ ጎንደር አልደረሰም፤ እናቶቻችን ግን እህል ተሸክመው «ባቡር እሄዳለሁ» ይሉ ነበር። ከወፍጮው ጎን የቆመው የናፍጣ ሞተር በሌላ ቦታ ውኃ ሊስብ፣ በሌላ ቦታ መብራት ሊሰጥ የሚችል ነበር። ስለዚህ ሞተር ከአካሉ ተለይቶ ሊታሰብ እንደሚችል ሰዎቻችን ያወቁት መኪና ከማየታቸው በፊት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ሞተር መቀየር ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ነው። ሙያው ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ሞተር የሚያርፍበት እግር በአሮጌው መኪና ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ አዲስ መቀመጫ በብየዳ ይሠራለታል። የሞተሩ ጀርባ ከካምቢዮው ፊት ጋር ካልተስማማ በመካከላቸው የሚገባ ወፍራም ብረት ተለክቶ ይቆረጣል፤ በዚህ ላይ የፀጉር ያህል መዛነፍ ካለ ፍሪሲዮኑ ቶሎ ያልቃል። ኃይል ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራልና ራዲያተሩ በትልቅ ይተካል። ክብደቱ ወደ ፊት ከበዛ መኪናው ኩርባ ላይ አልዞርም ብሎ ቀጥ ይላል። ፍሬኑም ለቀድሞው ፍጥነት የተሠራ ስለሆነ ይለወጣል። በዛሬ መኪና ደግሞ ሞተሩ ያለ ኮምፒዩተሩና ያለ ሽቦዎቹ አይነሣም፤ የራሱን ቁልፍ ካላወቀ ዝም ይላል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ልጅ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ያነብባል። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ሲጫወት ያደረ ልጅ እንደዚህ አያደርግም።

አሁን ወደ አፉላ ጣቢያ እንሂድ። በ1900 የቱርኩ ሱልጣን አብዱል ሐሚድ ከደማስቆ እስከ መዲና የሚደርስ የባቡር መንገድ እንዲሠራ አዘዘ። የሒጃዝ ባቡር የሚባለው ይኸው ነው። ለሥራው የሚሆነው ብረትና ድንጋይ ከሰል በባሕር መጥቶ ወደ ደማስቆ መውጣት ነበረበት፤ ከቤይሩት ወደ ደማስቆ የሚወጣው ሐዲድ ግን የፈረንሳዮች ነበር፣ ዋጋውም የሚከበድ ነበር። ስለዚህ መንግሥቱ የራሱን ወደብ ፈልጎ ከሃይፋ ተነሥቶ በኢይዝራኤል ሸለቆ አቋርጦ፣ ዮርዳኖስን ተሻግሮ፣ በያርሙክ ገደል ወጥቶ እስከ ደርዓ የሚደርስ ቅርንጫፍ አሠራ። መሐንዲሱ ማይስነር የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ሐዲዱ በ1904 አፉላ ደረሰ፤ 161 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር በሙሉ በጥቅምት 1905 ተመረቀ። ዮርዳኖስን በሚሻገርበት ቦታ ከባሕር ወለል በታች 246 ሜትር ይወርድ ስለነበረ በዓለም ከተሠሩት የባቡር መንገዶች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ይባላል። በ1913 ከአፉላ ወደ ጄኒን የሚወርድ ሌላ ቅርንጫፍ ተጨመረና ጣቢያው መገናኛ ሆነ። የዛሬዋ ከተማ የተመሠረተችው ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1925 ነው።

በዚህ መስመር ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ይህ ስፋት በሌላ አገር ብዙም አይታወቅም። የተመረጠው ፈረንሳዮች ከቤይሩት ወደ ደማስቆ የሠሩት መስመር በዚሁ ልክ ስለነበረ ነው። የጅቡቲና የአዲስ አበባው አሮጌ መስመር ልክ 1 ሜትር፣ የምጽዋና የአስመራው 95 ሴንቲ ሜትር፣ እንግሊዞች ከግብፅ በሲና በኩል እየዘረጉ ያመጡት ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነበር። ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ የተሠራ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። በአፉላና በድሬዳዋ ሐዲድ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ጣት ተኩል አይሞላም፤ ባቡሩን ለማስቆም ግን ይበቃል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የድንጋይ ከሰሉ በባሕር መምጣቱ ተቋረጠ። ሎኮሞቲቮቹ ከጀርመን የመጡ ብርቱዎች ነበሩ፤ የሚበሉት ግን ጠፋ። ስለዚህ ዛፍ ተቆረጠላቸው፣ የወይራ ዛፍ ሳይቀር እየነደደ ባቡሩ ሄደ። ሞተሩን መቀየር ያልቻለ የሚያነድደውን ይቀይራል። በሴፕቴምበር 20 ቀን 1918 የእንግሊዝ ፈረሰኞች ሸለቆውን አቋርጠው አፉላን ያዙ፤ ጣቢያው ከነባቡሩ በእጃቸው ወደቀ።

በእንግሊዞች ዘመን ነው እንግዲህ በዚህ አገር ሐዲድ ላይ እንደ ልጆቻችን ሐሳብ ያለ ነገር የታየው። ከ1936 እስከ 1939 በነበረው የዐረቦች ዐመፅ ወቅት ሐዲዱ በየሌሊቱ ይፈነቀል ወይም ፈንጂ ይቀበርበት ስለነበረ፣ ከባቡሩ ፊት ቀድመው መንገዱን የሚመረምሩ ትንንሽ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ተሰማሩ። ትሮሊ ይባሉ ነበር። ጎማ በባቡር ተሽከርካሪ እግር ተተክቶ፣ ጎናቸው በብረት ሰሌዳ ተሸፍኖ፣ መትረየስ ተጭኖባቸው በሐዲድ ላይ ይሮጡ ነበር። ወታደሮቹ በአንዳንዶቹ ላይ የታሰሩ ዐረቦችን ከፊት ያስቀምጡ እንደነበረም በታሪክ ተመዝግቧል፤ ፈንጂ ካለ ቀድሞ የሚሞተው እስረኛው እንዲሆን ማለት ነው። ስለ ማሽን ብልኀት ስናወራ ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪኩን ማስዋብ ይሆናል።

የሸለቆው ባቡር መጨረሻ የመጣው በድልድዮቹ ነው። ከጁን 16 ወደ 17 ቀን 1946 በተላለፈው ሌሊት በአገሪቱ ዳርቻ ያሉ ድልድዮች በአንድ ላይ ሲፈነዱ በኤል ሐማ የነበረው የያርሙክ ድልድይ ፈረሰና ወደ ሶርያ የሚያሻግረው መንገድ ተቆረጠ። በ1948 ጦርነት የዮርዳኖሱም ድልድይ ፈረሰ። የቀረው ቁራጭ ለጥቂት ጊዜ ተንገዳገደና ቆመ። ሎኮሞቲቮቹ እኮ ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ለ1 ሜትር ከ5 ብቻ የተፈጠሩ ነበሩና፣ የቀረው የአገሩ መስመር ሁሉ ሰፊ ሲሆን መሄጃ አጡ። ሞተሩ ሳይሞት መንገዱ ሞተ። ለአንድ መንገድ ብቻ የሚሠራ ተሽከርካሪ ያለበት አደጋ ይህ ነው፤ ወጣቶቻችንም መጀመሪያ ሊያስቡበት የሚገባው ከሞተሩ ይልቅ ይኸው ይመስለናል።

ታሪኩ በዚህ ጊዜ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጣሊያን ይወስደናል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓለም ድህነት ላይ ወድቆ ነበር። የባቡር ኩባንያዎች ለጥቂት መንገደኛ ሲሉ ከባድ የእንፋሎት ባቡር ማንቀሳቀስ አልቻሉም፣ መንገደኛውም ወደ አውቶቡስ ሸሸ። ስለዚህ የመኪና ሞተር በሐዲድ ላይ ማስቀመጥ ታሰበ። ሚሽላን የተባለው የጎማ ፋብሪካ በ1931 በአየር የተሞላ ጎማ ያለው የሐዲድ መኪና ሠራ፤ ሞተሩም ከሂስፓኖ ስዊዛ የመኪና ፋብሪካ የመጣ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቡጋቲ ነገር ነው። ኤቶሬ ቡጋቲ የውድድር መኪና ሠሪ ነበር። ለነገሥታት ይሆናል ብሎ «ሮያል» የተባለ እጅግ ግዙፍ መኪና አወጣ፤ የሞተሩ መጠን 12.7 ሊትር ነበር፣ ይህም ዛሬ በአፉላ መንገድ ከምናያቸው ትንንሽ መኪናዎች የአንዱን ስምንትና ዘጠኝ እጥፍ ያህላል። ነገር ግን ዘመኑ የመከራ ዘመን ስለሆነ የተሠሩት 6 ብቻ ናቸው፤ ነገሥታቱም አልገዙትም። ቡጋቲ ያን ሞተር አልጣለውም። በ1933 የባቡር መኪና ሠርቶ ገጠመበት፤ በአንዱ ተሽከርካሪ ሁለት፣ በሌላው አራት ሞተር አደረገ። ሾፌሩ ከጣራው በላይ በወጣች ትንሽ ክፍል መካከል ላይ ይቀመጥ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በ1934 በሰዓት ከ190 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ የባቡር ፍጥነት ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ይሁንና ቡጋቲ ይህን ሲያደርግ የሞተሩን ኃይል አልጨመረም፣ ይልቁንም ቀነሰው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይግል እንዲሠራ ብሎ። ወጣቶቻችን ይህን ቢያስተውሉት ደስ ይለናል። ሜዳ ላይ ያሸነፈ መኪና ማለት እስከ መጨረሻው ዙር ሳይቆም የደረሰ ነውና።

በጣሊያን ደግሞ ፊያት ይህንኑ አደረገ። በ1932 ሊቶሪያ የምትባል አዲስ ከተማ ተቆርቁራ ነበርና የፊያትም የሐዲድ መኪና በእርሷ ስም «ሊቶሪና» ተባለ። ይህን ስም ብዙዎቹ አባቶቻችን ያውቁታል። ሊቶሪና በ1930ዎቹ አጋማሽ በምጽዋና በአስመራ መስመር ላይ ሥራ ጀመረች፤ በወረራው ዘመንም በጅቡቲና በአዲስ አበባ መስመር ላይ ሮጠች። ከፊት ሲያዩአት እንደ ጭነት መኪና የራዲያተር ወንፊት አላት። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ካምቢዮ ያስገባል፣ ፍሬን ይይዛል፤ መሪ ብቻ የለውም። ሐዲዱ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃልና ሾፌሩ አያዞርም። ከምጽዋ ባሕር ዳር ተነሥቶ 118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2300 ሜትር በላይ ወደ ደጋው የሚወጣውን ያን ሁሉ ኩርባና ዋሻ በዚህ ሁኔታ ይወጡት ነበር።

አሁን በየጋራዡ የምንናገራቸው ቃላትም የዚያው ዘመን ቅሬታዎች ናቸው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ የምንላቸው ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው፤ የአዲስ አበባው ለገሃር ደግሞ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። አንድ የአፉላ ወጣት በሙሳክ ውስጥ ዕቃውን በዕብራይስጥ እየጠራ ሲሠራ አባቱ መጥቶ «ፍሪሲዮኑ ነው» ቢለው ሁለቱም የሚናገሩት በባዕድ ቃል ነው፤ ዕቃው ግን አንድ ነው።

የሊቶሪና ዘመን ግን የዘር ሕግ የወጣበትም ዘመን ነበር። ከ1937 ጀምሮ በወጡት ሕጎች ሀገሬው ከነጩ ጎን እንዳይቀመጥ ተከለከለ። ቀድሞም ቢሆን የጣሊያን አስተዳደር ለኤርትራውያን ልጆች ከአራተኛ ክፍል በላይ ትምህርት አልፈቀደም። ሀገሬው በባቡር ሥራ ቤት ውስጥ ብረት ይሸከም፣ ዘይት ይጠርግ ነበር እንጂ ሞተሩን እንዲያውቅ አልታሰበም። ነገር ግን ዓይን አይከለከልም። በ1941 ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣና በየጊዜው ባለሙያዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ዘይት ጠራጊ የነበረው ሰው ባቡሩን ሲያንቀሳቅስ ተገኘ።

ይህ ነገር ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው የታየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1970ዎቹ ጦርነቱ ሲበረታ የምጽዋና የአስመራ መስመር ተዘጋ። ሐዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ጣራ ዋለ፤ ድልድይም ዋሻም ተጎዳ። ኤርትራ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ በ1994 መስመሩ እንዲጠገን ተወሰነ፣ ሥራውንም የውጭ ኩባንያ ሳይሆን የአገሩ ሰው ያዘው። ከየቤታቸው የተጠሩት ጡረተኞች ነበሩ፤ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሽማግሌዎች። ከምሽግ የወጣው ሐዲድ ተመልሶ ተነጠፈ። መለዋወጫ ከፋብሪካ ማዘዝ አይቻልም ነበር፣ ምክንያቱም ፋብሪካው ያንን ዕቃ መሥራት ካቆመ አርባና ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የጠፋውን በእሳትና በመዶሻ፣ በቶርኖና በፋይል እየሠሩ ተኩት። የ1930ዎቹ ሊቶሪናዎች ተነሡ። የሩሲያ ሠራዊት መኪና የሆነው ኡራል ጎማው ወልቆ የሐዲድ እግር ተገጠመለትና ፉርጎ መጎተት ጀመረ። በ2003 መስመሩ እንደገና ምጽዋንና አስመራን አገናኘ።

የአፉላንና የአስመራን ታሪክ ጎን ለጎን ስናደርገው ይህን እናያለን። በአፉላ ማሽኖቹ ደኅና ሳሉ መንገዱ ተቆረጠና የሚያውቁት እጆችም ተበተኑ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስነሣቸው አልቻለም። በአስመራ መንገዱም ማሽኑም ፈርሶ ነበር፤ እጆቹ ግን ነበሩ፤ ያውም የደከሙ እጆች። የድሬዳዋውም ሥራ ቤት እንዲሁ ነው። ከተማይቱ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ሠራተኞቹ ፈረንሳይኛ ከአሠሪዎቻቸው እየተማሩ፣ «አቴሊየ» በሚሉት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የእንፋሎቱን፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣውን ባቡር ሲያድኑ ኖሩ። አሮጌው መስመር አርጅቶ በአብዛኛው ሲቆምም ሥራ ቤቱ ከነቶርኖዎቹ ቆየ።

ከዚያ በኋላ 2016 መጣ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ከ11 ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 16 ቀን፣ የሸለቆው አዲስ ባቡር ከሃይፋ ተነሥቶ በአፉላ በኩል እስከ ቤት ሼአን መሥራት ጀመረ። ሁለቱም አሮጌ ጠባብ ሐዲዳቸውን ትተው ወደ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገቡ። ስለዚህ ዛሬ የአፉላና የአዲስ አበባ ሐዲድ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ስፋት አላቸው። ይህን በጋዜጣ ያነበበ ሰው አላየንም፤ ለእኛ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

የመኪና ሞተር በሐዲድ ላይ መሆኑም አልቀረም። በ1992 እስራኤል ከዴንማርክ ያስገባችው፣ ፊቱ በወፍራም ጥቁር ጎማ የተከበበው «አይ ሲ 3» ባቡር ሦስት ፉርጎ አለው፤ ከሥሩ ያሉት አራት ሞተሮችም ዶይትስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ለጭነት መኪና ከሚሠራቸው ዓይነት ናቸው፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዙ። በሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 1991 ከመጣነው ብዙዎቻችን ወደ ሃይፋና ወደ ቴል አቪቭ የተሳፈርንበት ባቡር ይኸው ነው። በጭነት መኪና ሞተር እንደምንሄድ ግን ማን ነገረን?

እንግዲህ ስለ ወጣቶቹ መኪና። በዚህ አገር የውድድር መኪና ታሪክ አጭርና ጎደሎ ነው። በኖቬምበር 1970 አስቀሎን ላይ የውጭ አገር ነጂዎች የመጡበት ትልቅ ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሕዝቡ ወደ መንገዱ እየገባ ስላስቸገረ ዝግጅቱ እንደታሰበው አልተፈጸመም። ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ሆነ። የስፖርት መንዳት ሕግ የወጣው በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ፍጥነት የወደደ ወጣት የሚሄድበት ሕጋዊ ሜዳ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በሌሊት ወደ አገር መንገድ ይወጣ ነበር። በዚህ ሥራችን ሌሊት ስልክ ሲደወል ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ልጁ ሞተር ቀይሮ በዚያው መኪና ወደ መንገድ ከወጣ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ሞተር ሌላ፣ በመኪናው ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሳያጸድቀው ይህ ወንጀል ነው፣ ኢንሹራንሱም አደጋ ሲደርስ ሊከራከርበት ይችላል። በአንጻሩ ሰሌዳ የሌለው፣ ወንበሩ ወልቆ ውስጡ በብረት ቱቦ የታሰረው፣ በተጎታች ተጭኖ ወደ ሜዳ የሚሄደው መኪና መንገድ ላይ ማንንም አይገድልም። ለወላጆች መንገር የምንፈልገው ይህንን ነው። «ለመንገድ የማይሆን መኪና» ብለው የሚንቁት ነገር ልጃቸውን ከመንገድ የሚያወጣው ሊሆን ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። በጎንደር የነበሩ አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ወናፍ እየነፉ ማረሻና ማጭድ ለጎረቤቱ ሁሉ ይሠሩ ነበር፤ ጎረቤቱም ማረሻውን ወስዶ ቀጥቃጩን ቡዳ ይለው ነበር። ወደዚህ ስንመጣ ስድቡ ቀረ፤ ሙያውም አብሮ ቀረ፣ ማንም ስላልጠየቀው። አንድ አባት በመግቢያ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲባል «ብረት እሠራለሁ» ቢል በቅጹ ላይ «ሙያ የለውም» ተብሎ እንደተጻፈበት እናውቃለን። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ የሞተር መቀመጫ በብየዳ ይሠራል። አያቱ ጎን ቆሞ ያየዋል፤ ብረቱ በቂ ሙቀት ማግኘቱን ከቀለሙ ያውቃል፤ ነገር ግን በዕብራይስጥ ሊናገረው ስለማይችል ዝም ይላል።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ነገር ለመጀመር አስቧል። በጎንደር፣ በሰሜንና በወገራ የወፍጮ ባቡር ያንቀሳቀሳችሁ፣ በድሬዳዋ አቴሊየ ወይም በአስመራ ባቡር የሠራችሁ፣ በአዲስ አበባ ጋራዦች ሞተር ያወረዳችሁና የገጠማችሁ፣ ብረት የቀጠቀጣችሁ አባቶች ወደ ማኅበሩ ቢሮ ብቅ እንድትሉልን እንጠይቃለን። መምጣት የማትችሉ በልጆቻችሁ በኩል ላኩብን፣ እኛ ወደ ቤታችሁ እንመጣለን። ስማችሁ እንዲጻፍ ካልፈለጋችሁ አይጻፍም። ክፋር ዬሆሹዓ ያለውን የታደሰውን አሮጌ ጣቢያ አብረን ለማየትም እናስባለን፤ የሸለቆው ባቡር ሙዚየም እዚያ ነው። ወጣቶቹ የሚጠይቁትን ጥያቄ ከወዲሁ ጽፈው ሰጥተውናል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ የወፍጮው ሞተር ከድንጋዩ ጋር በቀበቶ ሲያያዝ ቀበቶው እንዳይወድቅ ሁለቱ መዘውሮች ፊት ለፊት መሆናቸውን በምን ትለኩት ነበር?